ገጸ ባሕርያቴን ስለማስፈረም

ለተከበሩ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ማኅተምዎስ? ፋይል የሚቆለልበት ያ ሰፊ ጠረጴዛዎስ ደኅና ነው? እኔ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍና የፈጠራ ድርሰት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ጋር ከመዛመዴ በቀር፣ እጅግ ደኅና ነኝ።

እንደሚያስታውሱት ለመመረቂያዬ አንድ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ጽፌያለሁ። ባለታሪኳ ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰውን መስመር ስታገናኝ ኖራ ለራሷ የምትደውልለት ሰው ያጣች፣ በምዕራፍ ዘጠኝም የምትሞት ሴት ናት። አማካሪዬ በሸኚ ደብዳቤያቸው ላይ መጽሐፉ አሥራ አንድ ገጸ ባሕርያት እንዳሉት በቅንነት ገለጹ። የቢሮዎ ጸሐፊ ግን ቅጹ ላይ ገጸ ባሕርያት የሚል ቦታ ቢያጡ «የጥናቱ ተሳታፊዎች ብዛት» በሚለው ሣጥን ውስጥ አሥራ አንድ ብለው ሞሉት። ከዚያች ቀን ወዲህ ያየሁትን ሁሉ፣ ቢሮዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ተሳታፊዎቹ በምን የናሙና ዘዴ እንደተመረጡ እንዳብራራ ታዝዣለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ አልመረጥኳቸውም፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ራሳቸው መጡ። ይህንኑ ጽፌ ባስገባ «ዘዴው ግልጽ አይደለም» ተብሎ ተመለሰልኝ። ልክ ናችሁ፤ ለእኔም ግልጽ ቢሆንልኝ ኖሮ ይሄኔ ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምሬ ነበር።

2. አሥራ አንደኛው ተሳታፊ የኦፕሬተሯ ውሻ ነው። ለእሱ የእንስሳት ሐኪም ማረጋገጫ እንዲቀርብ መጠየቁ ልቤን ነክቶታል፤ በመጽሐፉ ውስጥ እንኳ ለዚያ ውሻ እንዲህ ያሰበለት ሰው የለም።

3. ሊፍቱን የሚመለከት ነበር፤ ትቼዋለሁ።

4. ዋናው ይኼ ነው። ከውሻው በቀር ሁሉም በአካል ቀርበው የስምምነት ቅጹን እንዲፈርሙ፣ ሟቿም በሕጋዊ ወራሿ በኩል እንድትፈርም ተወስኗል። ወራሽ እንደሌላት ምዕራፍ ሁለት ላይ ተጽፏል፤ ታሪኩም እሱው ነው። ልብ ወለድ መሆኑን ለማስረዳት ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። በስድስተኛው ጸሐፊዎ እጅግ በትሕትና «ሰዎቹ የሉም ካልሽማ፣ ጥናቱን በማን ላይ ሠራሽው?» ሲሉኝ ጥያቄውን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ወጣሁ፤ በሁለት ዓመት ትምህርት ውስጥ ከቀረበልኝ ጥያቄ ሁሉ ከባዱ ይኸው ነበርና።

ቀልዱን ለአፍታ ልተወውና፣ ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ። ፈታኞች ፊት የምቀርበው የፊታችን ሐሙስ ነው፤ ያለ ኮሚቴዎ ማኅተም ደግሞ ፈታኞቹ አይቀመጡም። ሐሙስ ካመለጠኝ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሰጠኝ የሁለት ዓመት የትምህርት ፈቃድ ያበቃል፤ እኔም ያለ ዲግሪ ወደ ጠመኔዬ እመለሳለሁ፤ መጽሐፉም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በሕይወቴ በደንብ ሠራሁት የምለው ነገር ይህ አንድ መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ እስከ ረቡዕ ድረስ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ፣ ግማሽም ቢሆን አይከፋኝም፣ ገልጠው እንዲያነቡልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ለቢሮዎ ሰላምን፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለምን፣ ለእርስዎም ከቅጽ የሚተርፍ የንባብ ጊዜን እየተመኘሁ፣ ለጥ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የአሥር ሰዎችና የአንድ ውሻ ተጠሪ፣
የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከፋይሎቹ ሥር እንዳይቀበር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፍ ስነሣ ምክትልዎ ደወሉልኝ። ሌላው ሁሉ እንደሚታለፍ፣ ነገር ግን ኮሚቴው ተሳታፊውን ለሞት የሚዳርግ ጥናት ማጽደቅ እንደማይችል በደግነት አስረዱኝ። «ሴትየዋ ብቻ አትሙት፣ ዛሬውኑ ማኅተም እናደርግልሻለን» አሉኝ። አመሰግናለሁ፤ ግን ትሞታለች። በማኅተም ሰውን ከሞት የሚያስቀር ቢሮ መኖሩን ባውቅ ኖሮ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት እናቴን ይዤ መጥቼ እሰለፍ ነበር።