ባነሩ ላይ የተበላ ገንፎ

ስርጉትዬ፣ የኔ ጯኺ፣

ከአሶሳ ወጣ ብላ ካለች መንደር ነው የምጽፍልሽ። ወርቅ ቆፋሪዎች የመንደሩ ሴቶች ውሃ የሚቀዱበትን ጅረት ቀይ ጭቃ አድርገውታል። አንቺ ብትኖሪ፣ ሐይቃችን ዳር እንዳደረግሽው፣ መንገድ ዘግተሽ ድምፅሽ እስኪዘጋ ትጮሂ ነበር። የሴቶቹ አስተባባሪ ሂባ ግን ቆፋሪዎቹን ምሳ ጠራቻቸው! ለተቃውሞ ያመጣሁትን ባነር ማንጎ ዛፍ ሥር አነጠፈችና ገንፎ አቀረበችበት። ከበሉ በኋላ ከዚያው ጅረት የተቀዳውን ውሃ በብርጭቆ ሰጠቻቸው። አንድም የጠጣ የለም። አንገታቸውን ደፍተው፣ «ከእንግዲህ ከመቅጃው በታች ወርደን ነው ወርቁን የምናጥበው» ብለው ቃል ገቡ። እኔም «አየሽ፣ ያለ ጩኸትም ይሆናል» ልልሽ ይቺን ፖስት ካርድ ገዛሁ።

ዛሬ ጠዋት ጅረቱ እንደገና ቀልቶ አገኘነው። ሂባ ምንም አልተቆጣችም። ባነሬን ጠራርጋ፣ አጣጥፋ አመጣችልኝ። ስላንቺ አውርቼላት ነበር።

«ኸላስ፣ በቃ፣ እኛ አብልተናል» አለችኝ። «ያቺ የምትጮኸው ጓደኛሽ መቼ ነው የምትመጣው?»

ካርዱ ሞላብኝ፤ እማማ ጤናዬን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ናፍቀሽኛል። ድምፅሽን ይዘሽ ነይ፣ ገንፎው በእኛ።

ትሩፋት