ያልተፈረመበት የወባ መዝገብ

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። የንስሐ አባቴ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ጎረቤቴ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ማንም ሳይናገር ገባኝ። ውዴ ናት፤ አንድ ልጄ፣ ሞጣ ለሥራ የሄደችው። «ወባ ነው» አሉኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ያሳደግኋትን ልጅ ትንኝ ወሰዳት።

ቢቸና ሁሉ ከትናንት ቀትር ጀምሮ ያውቅ ነበር። ጥሩወርቅ ትናንት ማታ እኔ ቤት ተቀምጣ ስለምሸጠው ሽንኩርት መወደድ ስታወራ ነበር። እያወቀች። «መርዶ በጠዋት ነው እንጂ እትዬ አስካለ፣ በምሽት ይነገራል?» አለችኝ። ልማዱ ነው። እኔም በሰው ላይ እንዲሁ አድርጌያለሁ።

አስከሬኗ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ከሰዓት ቀበርናት። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ረቡዕ

ድንኳን። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። አስከሬኗን ይዛ የመጣችው አበባ፣ የውዴ የሥራ ባልደረባ፣ እኔ ዘንድ አድራለች። ሁሉን ንገሪኝ አልኳት።

እሷና ውዴ የየጤና ጣቢያውን የወባ መዝገብ ይሰበስባሉ፤ በሳምንት ስንት ሰው ታመመ፣ መድኃኒት የት አለ፣ የት አለቀ። ያንን ለሁሉም ክፍት በሆነ የኢንተርኔት ገጽ ያወጡታል፤ ሞጣ ያለው የግንደወይንን፣ ግንደወይን ያለው የቢቸናን እንዲያይ። ኔትወርክ ወደሌለበት ቆላ ውዴ እየወረደች መዝገቡን በእጇ ትገለብጥ ነበር። እዚያው ታመመች። ያደረሷት ጣቢያ የሚወጋው መድኃኒት አልቆበታል። ወደ ሌላ ሲወስዷት መንገድ ላይ አረፈች።

ከወንዙ ማዶ ያለው ጣቢያ መድኃኒቱ ነበረው። ቅርብ ነበር።

«እንዴት አያውቁም?»

«ገጹ ላይ አልወጣማ፣ እትዬ። ኃላፊያችን ሳይፈርምበት አይወጣም። ውዴ ቀድማ የላከችው ስድስት ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ነው።»

«ውዴስ? እሷ ታውቅ የለም?»

«ራሷን ስታ ነበር።»

ሐሙስ፣ ሣልስት

ኃላፊው መጣ። አለቀሰ፤ እውነቱን ነው ያለቀሰው። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለኝ።

«ስድስት ሳምንት ምን ስታደርግበት ነበር?» አልኩት።

«ቁጥሩ እስኪጣራ ነው፣ እትዬ። ሳይጣራ ቢወጣ ሕዝብ ይደነግጣል። እኔም እጠየቃለሁ።»

«የእኔን መርዶ ጎረቤቶቼ አንድ ሌሊት አቆዩብኝ። የሞተ ሰው ነውና ይሁን። አንተ ያቆየኸው የሚድን ሰው ነው።»

የእድሩ ዳኛ «ተይ እንጂ አስካለ፣ እንግዳ ነው» አሉ።

«እንግዳ ከሆነማ ንፍሮ ስጡት» አልኩ።

ሲወጣ አበባን ወደ ጎን ጠራት። የውዴ ቦርሳ በእጇ ከገለበጠችው መዝገብ ጋር ቢሮ ይመለስ ብሏል። ቦርሳው እኔ አልጋ ሥር ነው።

ዓርብ

አበባ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። «ብሰጠው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። እኔ ባወጣው ያባርረኛል።»

አልፈርድብሽም አልኳት። ግን ቦርሳውን አውጥቼ መሐላችን አስቀመጥኩት። መዝገቡን አወጣች። ከዚያ ላፕቶፗን ከፈተች።

እኔ አነበብኩ፣ እሷ ጻፈች። ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ቀስ እያልኩ ነው የማነበው። የውዴ ሰባት ከአንድ አይለይም። ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። «ቢሮም ሁላችንን ያጣላን ይኸው ሰባቷ ነው» ብላ አበባ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው አፈርኩ።

ስም አይገባም። ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ ጾታ ብቻ። ለበሽተኛው ክብር ነው አለችኝ። የመጨረሻውን መስመር እንዳነብላት አልጠየቀችኝም፤ ራሷ ጻፈችው። ሴት፣ ሃያ ሰባት ዓመት። ሞት በሚለው ሥር አንድ ተጨመረ። ልጄ አንድ ሆነች።

ቅዳሜ

መዝገቡ ገጹ ላይ ወጥቷል። አበባ በስልኳ አሳየችኝ። ቀትር ላይ ከግንደወይን ጤና ጣቢያ አንድ የማታውቀው ሰው ደወለላት። የቆላው ጣቢያ መድኃኒት ማለቁን አይቶ አንድ ካርቶን በሞተር ልኳል። መድረሱን አናውቅም፤ እዚያ ኔትወርክ የለም።

ኃላፊውም ደወለ። አበባ ሰኞ ቢሮ ትቀርባለች። በመጨረሻው መኪና ወደ ሞጣ ሄደች። «ብትባረሪስ?» ስላት «እርስዎ ጋ መጥቼ ሽንኩርት እሸጣለሁ» አለችኝ።

አንድ ሰው ይድን ይሆናል። ደስ ይለኝ እንደሆነ ልቤን መረመርኩት፤ ደስታ አላገኘሁበትም። የሌላ ሰው ልጅ ሲድን የእኔ ለምን ቀረች ብዬ ነው ያለቀስኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ይህን ደብተር የምታነቡ ካላችሁ፣ የልጄ የክርስትና ስም ወለተ ሥላሴ ነው። በጸሎታችሁ አስቧት። እኔ ያነበብኳቸውን፣ ስማቸውን የማላውቃቸውን የቆላ ሙታንም አብራችሁ ነፍስ ይማር በሉልኝ። እኔ ዛሬ መጸለይ አቅቶኛል።