የተቸነከረው መስኮት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰ.

አንሶላ አጣጥፌ ጨረስሁ። ዛሬም አንዲት ልጅ ቀረች። ከመስከረም ወዲህ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ከለቀቁት ይች አራተኛዋ ናት። ስልክ አታነሳም። እንፍራንዝ እናቷ ዘንድ ገብታለች አሉ።

9 ሰ. አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ቢኒያም ሰበሰቡን። ሠራተኛ ለምን እንደሚለቅ ማወቅ ይፈልጋሉ። የአስተያየት ሳጥን አሰቅለዋል። ስም አይጻፍም፤ የልብን መጻፍ ነው። የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ደግሞ ፎቶው በር ላይ ይሰቀላል። ማጠቢያው ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ጥሩወርቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፦ «እታለም፣ ፎቶዬን ከሚሰቅሉ መስኮቱን ይክፈቱልኝ» አለችኝ። ዘርፌ ብላ ጠርታኝ አታውቅም።

ያለን መስኮት አንድ ነው፣ ደብተሬ። ወደ ሐይቁ፣ እንግዶች ወደሚቀመጡበት አትክልት ቦታ ይከፈት ነበር። የበረኪና ሽታ ወጣ ተብሎ አምና በምስማር ተመታ። እንፋሎቱም በረኪናውም ከእኛ ጋር ቀረ። ጥሩወርቅ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ታስላለች።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

አቦ ናቸው። ሳልሳለም መጣሁ።

ሴቶቹ ለሳጥኑ ሊያጽፉኝ አንድ በአንድ ይመጣሉ። ገሚሶቹ መጻፍ አይችሉም። የሚችሉትም የእጅ ጽሕፈታችን አያምርም ይላሉ። እንደ ልማዳችን እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። በሹም አቦ ሰፈር የስንቱን ማመልከቻ ጽፌያለሁ። እያንዳንዷን ወረቀት «ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፤ ጉዳዩ፦» ብዬ ጀመርሁ። አሥራ አንድ ወረቀት። ሰባቱ ስለ መስኮቱ። የቀሩት ስለ ጓንት፣ ስለ ሕመም ፈቃድ። አንዷ የምትፈልገው በስሟ መጠራት ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቺ» እየተባለች ኖራለች።

ደስ አለኝ። እንደ ሞኝ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ቢሮ ተጠራሁ። ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። አንድ ብዕር፣ አንድ እጅ። ሳጥኑ ውስጥ ስከታቸው ይህ አልታየኝም ነበር። አቶ ቢኒያም አልተቆጡም። ሳቁ። «ወ/ሮ ዘርፌ፣ አንድ ጊዜ ቢነግሩን እኮ ይበቃን ነበር» አሉ። የትኛው የማን ቃል እንደሆነ ጠየቁኝ። ስም አይነሣም ተብሏልና ዝም አልሁ። ዝምታዬን እንደመሰላቸው ተረጎሙት። የአንዲት አኩራፊ አሮጊት ሥራ ሆኖ ቀረ። ወረቀቶቹን ሰብስበው መለሱልኝ። ከሰዓት ሳጥኑ ወረደ።

ዝም ማለት እችልበታለሁ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ጥሩወርቅ ወደቀች። ማሽኑ አጠገብ፣ እርጥብ ፎጣ እንዳቀፈች። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናት። የፅንሱ ልብ ይመታል። እሷን ግን ትንፋሽ ያጥራታል። አዋላጇ ከማጠቢያው ትራቅ አለች። ጥሩወርቅ ዓይኗን ስትገልጥ፦ «እታለም፣ ጽፈሽልኝ አልነበር?» አለችኝ። ጽፌልሻለሁ አልኋት።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ከቢሮ ወረቀት መጣ። ጥሩወርቅ የወደቀችው ከቤቷ ይዛው በመጣችው ሕመም ነው ይላል። ምስክር ተብዬ የተጻፍሁት እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት 2 ሰ. እንድፈርም ተነግሮኛል።

ደብተሬ፣ ይህን ላንተም ጽፌልህ አላውቅም። ባለቤቴ የዚሁ ሆቴል ጀልባ ነጂ ነበር። ጀልባዋ ውኃ ታስገባለች ብሎ ሦስት ጊዜ አመልክቷል። ማታ እየመጣ ለኔም ነግሮኛል። ሂድ ተባለ፣ ሄደ። አልተመለሰም። ሐዘን ላይ ተቀምጬ ወረቀት አመጡልኝ። ያለ ፈቃድ በራሱ ወጣ የሚል። ያኔ ፊደል አላውቅም። ግን አንብበውልኛል። አልሰማሁም ማለት አልችልም። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምሁ። በወሩ ማጠቢያው ውስጥ ሥራ ተሰጠኝ።

ፊደል የቆጠርሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ብቻዬን፣ ሳሙና በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ። ሴቶቹ ንባብ ስለምወድ ይመስላቸዋል። ያችን ወረቀት በዓይኔ ማንበብ ፈልጌ ነበር። እስከ ዛሬ አላየኋት።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 12 ሰ.

ሚካኤልን ተሳልሜ መጣሁ።

ትናንት ከሥራ ስንወጣ ሴቶቹን በሩ ላይ ጠበቅኋቸው። የተመለሱትን አሥራ አንድ ወረቀቶች አወጣሁ። ከፎቶ ኮፒ ቤት የማኅተም ቀለም ተዋስሁ። የሆነውን ነገርኋቸው። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፣ ቃሉ ግን የእናንተ ነው፤ የፈቀደች ጣቷን ታሳርፍበት አልሁ። ያች በስሟ የማትጠራው፣ በላይነሽ፣ ቀድማ ጣቷን ነከረች። «ጣቴንም የዘርፌ ነው ይሉ እንደሆን እናያለን» አለች። ሳቁ። ሰባት አተሙ። ሦስቱ ፈሩ። አልፈረድሁባቸውም፤ ማን ነኝና። ስምንተኛዋን ጥሩወርቅ አልጋዋ ላይ ሆና አተመች። ከጣቷ ላይ ቀለሙን እኔ ጠረግሁላት።

የምስክርነቱን ወረቀት አልፈርምም። ያየሁትን ራሴ ጽፌያለሁ። መስኮቱን፣ ምስማሩን፣ የሳጥኑን ነገር። ያስወጡኝ ይሆናል። ይሁን። በምን እንደገባሁ አውቃለሁ።

አሁን 1 ሰ. ሊሆን ነው። አንድ ወረቀት ይቀረኛል።

ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፤

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ ያለ ፈቃድ አልወጣም