ሰላጣዬና የኤዶ ሐዋ ኒም

ሰኞ

ዛሬ የሰላጣው ቅጠል መዳፌን አከለ። ጎረቤት እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ አይቼ፣ እጄን አጠገቡ ዘርግቼ ለካሁት።

ይሄ ሦስተኛ ሙከራዬ ነው። የመጀመሪያውን ዘር ፀሐይ በላው፤ ጭራሽ አልወጣም። ሁለተኛው ወጣ፣ ግን ሽቅብ ተመዘዘና ቅጠሉ እንደ ሬት መረረ። የአሁኑን ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩትና ግቢያችን ጥግ ዘራሁት። እትዬ እንደማለት ኤዶ የምንላት የጎረቤታችን የሐዋ ኒም ዛፍ አጥሩን ተሻግሮ እዚያ ላይ ጥላ ይጥላል። ወሩም ታኅሣሥ ነው፤ ድሬም ብትሆን ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትቀዘቅዛለች። ጥቅል የሚሠራው ዓይነት ሰላጣ አይደለም። ቅጠሉ ተበታትኖ ነው የሚያድገው፤ ከውጭ ከውጭ ሲቀጥፉት ከመሃል ሌላ ያወጣል።

ባሌ ጀማል «አቦ ሰላጣ የሐረማያ ነው፤ ድሬ የምታበቅለው ፀሐይ ብቻ ነው» ሲለኝ ነው የከረመው። ዛሬ ከጋራዥ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ሄዶ አየው። ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ሐረማያን አለማንሳቱ ደስ አለኝ።

እሁድ እናቱ ትመጣለች። አዮ እንላታለን። ዕድሜዋን ሙሉ ሐረማያ አትክልት ስታበቅል የኖረች ሴት ናት። ከተጋባን ጀምሮ ቤታችንን ረግጣ አታውቅም። ለልጇ ያሰበችለት የመንደሯን ልጅ ነበር። እኔን «ታይዋን ገበያ ልብስ የምትሸጥ ልጅ እጇ አፈር አያውቅም» ማለቷን ሰምቻለሁ። እሁድ ምሳ ላይ ከራሴ መደብ የተቀጠፈ ሰላጣ አቀርብላታለሁ። ሌላ እቅድ የለኝም።

ማክሰኞ

ጠዋት ከአጥሩ ማዶ አንድ መጋዝ የያዘ ሰውዬ ኒሙን ሽቅብ ሲያይ አገኘሁት። ኤዶ ሐዋ ልታስቆርጠው ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቅርንጫፉ ቆርቆሮዋን እየፋቀ እንቅልፍ ነስቷታል። ሐሙስ ይቆረጣል።

ሱቅ ውዬ ደንበኛ በቅጡ አላስተናገድኩም። አንዷ ቀሚስ ጠይቃኝ ሱሪ አወረድኩላት።

ማታ ለጀማል ነገርኩት። ዛፉ የሷ፣ ሰላጣው ያንቺ፣ ምን ትያታለሽ አለኝ። እውነቱን ነው። ኤዶ ሐዋ ደግሞ የምትፈራ ሴት ናት። መጋላ ገበያ ጨርቅ ስትነግድ ያረጀች፣ ዋጋ ቀንሺ ያላትን ሰው በዓይኗ የምታባርር። ከሰላምታ አልፈን አናውቅም።

ረቡዕ

ሄድኩ።

«ኤዶ፣ ዛፉን እስከ እሁድ ብትተይልኝ» አልኳት። ድሬ ውስጥ አንቱ የለም፤ ቢኖር ዛሬ እጠቀምበት ነበር። ለምን አለችኝ። ለሰላጣ ስላት ራሴም አፈርኩ።

«ለቅጠል ብዬ እንቅልፍ ልጣ?» አለች።

ያን ጊዜ ስለ አዮ ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ስለ እጄ የተባለውንም። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ተከትላኝ መጣች። መደቡ አጠገብ ቆማ፣ ሳታስፈቅደኝ አንድ ቅጠል ቀንጥሳ በላች። እያኘከች አሰበች። ቆርቆሮዋ ላይ የተኛው ቅርንጫፍ ብቻ እንዲቆረጥ፣ ወደኛ ያጋደለው እንዲቀር ተስማማን።

በሩ ጋ ስትደርስ «የኔም አማት እንዲሁ ነበረች» ብላ ሄደች።

ሐሙስ

ለምሳ ስመጣ ግቢው ከሩቁ ፍንትው ብሎ ታየኝ። ኤዶ ሐዋ ለሶላት ገብታ ሳለ፣ ቆራጩ ሁለቱንም ቅርንጫፍ ጥሏቸዋል።

መደቡን ግን ላየው አልቻልኩም። በላዩ ቀይ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ ጨርቅ ተወጥሯል። ኤዶ ሐዋ ትከሻዋ ላይ የምትጥላቸው ጋርባሳሮች ናቸው፤ ደህና ደህናዎቹ። አንዱን ጫፍ ከአጥሩ፣ ሌላውን ከልብስ ማስጫው ገመድ አስራዋለች። ራሷ ከሥሩ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ በጣሳ ውሃ ታርከፈክፋለች። ቅጠሎቹ እንደ እርጥብ ወረቀት ተኝተዋል።

አፌን ልከፍት ስል «ነጂባ፣ ዝም በይና ውሃ ጨምሪ» አለችኝ።

ሱቅ አልተመለስኩም። ሁለታችንም እዚያው ዋልን።

አርብ

ቅጠሎቹ ተነሱ። ሁሉም አይደሉም፤ ዳር ዳር ያሉት ጠርዛቸው አርሯል። የቀሩት ግን ቀጥ ብለዋል።

ጀማል ከጁምዓ ሲመለስ ጆንያ ወጠረላቸው። ጋርባሳሮቹን አጥቤ መለስኩ። አንዱ ላይ የጭቃ ጠብታ አልለቅ ብሏል። ግድ የለም አለች ኤዶ ሐዋ፤ ስትለው ግን ጠብታውን ደጋግማ አየችው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቀት። ሙቀት የመታው ሰላጣ ይመራል። እየደጋገምኩ ስለቀመስኩት ምላሴ ራሱ አይታመንም። ጀማልን አስቀመስኩት። ደህና ነው አለ። ጀማል ሁሉንም ነገር ደህና ነው የሚል ሰው ነው።

ቅዳሜ

ሩዝ፣ ሥጋ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ቃሪያ ገዛሁ። ከሐረማያ የመጣው ሰላጣ ጋ ስደርስ ቆምኩ። እንዴት ያምራል። ለመጠባበቂያ ልግዛ አልግዛ ብዬ ቆሜ ቆሜ፣ ትቼው መጣሁ።

ኤዶ ሐዋን ነገ ለምሳ ጠራኋት። የቤተሰብ ነው፣ አልመጣም አለች።

እሁድ

ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ቀጠፍኩት። ከውጭ ከውጭ ብቻ። ሲቀነጠስ ቀጭ ይላል። አንድ ሳፋ ሞላ! ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬው ዝም ብዬ ሳየው ቆየሁ።

አዮ ረፋዱ ላይ ደረሰች። ዘንቢል ይዛለች፤ ድንች፣ ካሮትና ሰላጣ። የራሷ ሰላጣ፣ ትልልቁ። ጀማል ግን ሳትቀመጥ በቀጥታ ወደ መደቡ ወሰዳት። ቁጢጥ አለች። ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደችው፣ አሸተተችው። ማን እንደዘራው በኦሮምኛ ልጇን ጠየቀችው፤ ነገራት። ከዚያ ወደኔ ዞራ ተጣብበዋል፣ በጊዜ ማሳሳት ነበረብሽ አለችኝ። ቤቴ ገብታ ያለችኝ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው።

ምሳ ላይ ሁለቱንም ሰላጣ አቀረብኩ። የኔን አስቀደመች። አኘከች። ጀማል መብላቱን አቁሞ ያያታል።

«ትንሽ ይመራል» አለች።

ሳህኗንም ወደኔ ገፋ አድርጋ ድገሚኝ አለችኝ።

ኤዶ ሐዋ አልመጣም እንዳላለች ሳምቡሳ ይዛ ከች አለች። ሁለቱ በኦሮምኛ ተግባቡ። የሐሙሱን ነገር በእጇም በአፏም ስትተርክላት አዮ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ከሰዓት ጀማል መኪና ተራ ሊሸኛት ሲነሳ፣ ዛሬ አልሄድም አለች። ይሄን የምጽፈው መስኮቱ ጋ ሆኜ ነው። አዮ ጆንያውን አስፈትታ ልጇን እንደገና ታስወጥረዋለች፤ አላወቀበትም ተብሏል። የተጣበቡትን ችግኞች ራሷ እየነቀለች በአጥሩ ሥር ታዛውራለች። እስከ መቼ እንደምትቆይ አልነገረችንም። እኔም አልጠየቅኳትም። ነገ ጠዋት ግን «ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ፣ እንዳትነኪው» ብላኛለች።