ቅቤ የነካው ቦምቦላ

ጥቅምት 4 ቀን 1974 ዓ.ም.

ወፍጮው ዛሬም ቆሟል። የመቆሚያው ብረት ተሰንጥቆ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ሴቱ እህሉን ተሸክሞ ይመጣል፣ ተሸክሞ ይመለሳል። እኛም ቤት እማ ድንጋዩ ላይ ተደፍታ ስትፈጭ ዋለች። ተቀብያት ፈጨሁ። ወገቤ... አይወራ።

አንድ ደህና ወሬ አለ። የገበሬ ማኅበሩ የብየዳ ዕቃ ከደብረ ታቦር ደረሰ። ሁለት ረጃጅም የጋዝ ቦምቦላ፣ አንዱ የኦክስጅን፣ አንዱ የአሲቲሊን። አንድ ባለሙያም አብረው መጥተዋል፣ ጋሼ ፈንታ ይባላሉ። የሚቆዩት እስከ ኅዳር ማብቂያ ነው። እስከዚያ የሚያስተምሩት ሰው ከተገኘ ዕቃው እዚህ መካነ ኢየሱስ ይቀራል። ካልተገኘ ይዘውት ይመለሳሉ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሙላት "ማን ይማራል?" አለ። ወንዶቹ ቦምቦላውን እያዩ ሸሸት ሸሸት አሉ። እጄን አወጣሁ። ሳቁ። ይሳቁ።

ጥቅምት 6

ተባረርኩ። ገና በመጀመሪያው ቀን።

ጋሼ ፈንታ ከበሩ ላይ አስቆሙኝ። "ማንአለሽ፣ ራስሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?" ቅቤ ነዋ! እማ እሑድ ቀብታኝ። "ሂጂ ታጠቢ። ቅቤ ተቀብተሽ ኦክስጅን አጠገብ አትቆሚም።" ያውም ወንዶቹ ፊት። ደሜ ፈላ።

ታጥቤ ስመለስ አስረዱኝ። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፣ ሌላውን ነው የሚያነደው። ታምቆ ሲወጣ ቅቤ ወይ ዘይት ካገኘ ክብሪት ሳይጫር ይቀጣጠላል፣ ይፈነዳል። አንድ የሚያውቁት ሰው ነበር... "ጣቶቹን" ብለው ተዉት።

እማ ደረቅ ጸጉሬን አይታ "ምነው፣ ሐዘንተኛ መሰልሽ" አለች። ቅር ብሏታል። ላስረዳት ሞከርኩ። "ቅቤ ይፈነዳል ነው የምትይኝ?" ብላ ከት ብላ ሳቀች። እኔንም አሳቀችኝ። አሁን ሳስበው መሳቅ አልነበረብኝም።

ጥቅምት 15

እሳት ገና አልነካሁም። ማሰርና መፍታት ብቻ። ቦምቦላው ቆሞ ከግድግዳው ጋር በሰንሰለት ይታሰራል፣ አሲቲሊኑ በተለይ አይጋደምም። አፉን በደንብ ማየት። በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ። ወደ ጎን ቆሞ ትንሽ ከፈት፣ አቧራው እፍ ብሎ እንዲወጣ፣ ወዲያው መዝጋት። ከዚያ ጌጁን፣ ያ ግፊቱን የሚቆጣጠረውን፣ ማሰር። ከጌጁ ፊት ለፊት አለመቆም። ቀስ ብሎ መክፈት። በመጨረሻ መጋጠሚያውን ሁሉ በሳሙና ውሃ... አረፋ ካወጣ ያፈሳል ማለት ነው።

"ድገሚ" ይላሉ። እደግማለሁ። "ድገሚ።" ወይ እኚህ ሰውዬ። እንደ ዳዊት ደገምኩት።

ጥቅምት 27

ለኮስኩ!

አሲቲሊኑ ቀደመ፣ ቢጫና ጭሳም ነበልባል። ኦክስጅኑን ቀስ እያልኩ ስጨምርለት ሰማያዊ ሆኖ ሹል አለ። ውዳቂ ብረት አጋጥሜ በየድኩ።

"ይይዛል?" አልኳቸው።

"ይይዛል። ግን ያስጠላል።"

ይበቃኛል። ማማሩ ይደርሳል።

ለእማ ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። "ያ እሳት አንድ ቀን ፊትሽን ቢበላውስ?" አይበላውም አልኳት። "በምን አወቅሽ?" ተጠንቅቄ እሠራለኋ። አላመነችኝም። እህል ማበጠሯን ቀጠለች።

ኅዳር 9

የወፍጮው መቆሚያ ብረት ተፈትቶ መጥቷል። ነገ እኔ ነኝ የምበይደው። ጋሼ ፈንታ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ያያሉ። ከያዘ፣ ዕቃው ይቀራል። ጌጁን ፈትቼ ጠርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሁሉ ነገር ዝግጁ ነው። እኔስ? እኔም።

ኅዳር 10

ምን ዓይነት ቀን ነው...

ሕዝቡ በሩን ሞልቶ ቆሟል። ሴቶቹ እማን ጨምሮ ከፊት ናቸው። የኦክስጅኑን አፍ ልጠርግ ጎንበስ ስል አንገቱ ላይ ቢጫ ነገር አብለጨለጨ። አሸተትኩት። ለጋ ቅቤ። አፉ ውስጥ ገብቷል። ጌጁን አነሳሁ፣ መጋጠሚያው ውስጥ ሳይቀር ተቀብቷል።

"ዛሬ አይለኮስም" አልኩ።

ሙላት ተቆጣ። "ጥረጊውና ቀጥዪ እንጂ። ቅቤ ነው፣ መርዝ አይደለም። ሰው ከንጋት ጀምሮ ቆሞልሽ!"

"ውስጥ የገባው ተጠርጎ አይወጣም።"

"ፈርታ ነው" አለ አንዱ ከኋላ።

"አዎ፣ ፈርቻለሁ" አልኩት። "አልለኩስም።" ድርቅ አልኩ። ምን ያደርጉኛል?

ጋሼ ፈንታ መጡ፣ አዩ፣ ወደ ኋላ አሉ። "ማንም እንዳይነካው። ማነው የቀባው?" ከሴቶቹ መሃል እናቴ ወጣች።

"እኔ ነኝ። ትናንት ምሳዋን ሳመጣ ሰው አልነበረም። እንዳያቃጥላት ብዬ ነው። ጥጃ ሲወለድም ሙሽራ ስትወጣም እኔ የማውቀው ቅቤ መቀባት ነው።" ወደ እኔ ዞረች። "ነግረሽኝ ነበር። የምር አልመሰለኝም። ልገድልሽ ነበር?"

ሰው ሁሉ ያየኛል። የለም ብላት ደግሞ ሌላ ጊዜ ትቀባዋለች።

"አዎ፣ እማ።"

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። አንጀቴን በላችው። ግን መዋሸት አልቻልኩም።

ኅዳር 11

ሙላት አኩርፏል። ኅዳር ሳያልቅ ወፍጮው ካልተነሳ ዕቃው ይሄዳል አለ፣ የማኅበሩ ኮሚቴ ቃል ነው። ይሁን። ቦምቦላውም ጌጁም ደብረ ታቦር ሄደው ካልተቀየሩ አልነካቸውም። ነገ ማዳበሪያ ያራገፈው መኪና ባዶውን ይመለሳል፣ ቦምቦላውን አቁመን እናስርበታለን። እኔም እሄዳለሁ። አፉ ላይ ክዳኑን አጥብቄ፣ በትልቁ "ቅቤ ነክቶታል፣ እንዳይከፈት" ብዬ ጻፍኩበት። የሚያነበው ሁሉ ይስቃል።

እማ ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም። ስንቄን ግን ቋጥራልኛለች።

ኅዳር 19

ተመለስኩ። አቧራ በአቧራ ሆኜ። ደብረ ታቦር መጋዘን ያለው ሰው "ጠርገሽ ብትጠቀሚበት ማን ያውቅብሽ ነበር?" አለኝ። እኔ አውቃለሁ አልኩት። ሲያመላልሰኝ ከረመ። እኔም በሩ ላይ እየተቀመጥኩ ጠበቅኩት። በመጨረሻ ሰለቸው መሰለኝ፣ ቀየረልኝ።

ኅዳር 24

ጠዋት ስደርስ እማ ከእኔ ቀድማ በሩ ላይ ቆማለች። እንስራ ሙሉ ውሃ፣ ሳሙና። ነጠላዋ ሸርተት ሲል አየሁት... ጸጉሯን ታጥባዋለች። እናቴ፣ ያለ ቅቤ!

ጎረቤታችን አማረች ለምርቃት ብላ በቅጠል ቅቤ ይዛ መጣች። እማ አስቆመቻት። "ወዲያ፣ ከግቢው ውጪ አስቀምጪው። እጅሽንም ታጠቢ።" ሙላት ሊገባ ሲል "አንተም ጓድ ሊቀመንበር፣ እስቲ እጅህን።" አሳያት። መጋዘን ውስጥ የሞተር ዘይት ሲነካካ ነበር፣ መለሰችው። ሳይወድ በግዱ ታጠበ።

አየሁ፣ ጠረግሁ፣ ወደ ጎን ቆምኩ፣ ከፈት ዘጋ። ጌጁን አሰርኩ። ሳሙናው አረፋ አላወጣም። ለኮስኩ። ስንጥቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ በየድኩት። ጋሼ ፈንታ እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳደረጉ ቀሩ። ሲበርድ በመዶሻ መቱት፣ ያዘ። "ያስጠላል?" አልኳቸው። "ትንሽ" አሉና የብየዳ ክፍሉን ቁልፍ በእጄ አኖሩት።

ብረቱ ወፍጮ ቤት ተወስዶ ተገጠመ። ሞተሩ ተነሳ። አልተንቀጠቀጠም። ሴቶቹ እልል አሉ።

እማ ከወፍጮ ቤቱ በር ውጪ ቀርታለች። የአማረችን ቅቤ ይዤላት ሄድኩ።

"አሁን ነይ ቀቢው።"

"ይፈነዳል" አለች፣ እጇን ሰብስባ።

"ይሄ ወፍጮ ነው እማ። ይሄ አይፈነዳም።"

ዓይኔን አየችኝ። የዛሬን አመነችኝ። በጣቷ ጫፍ ቆንጠር አድርጋ ብረቱ ላይ፣ የብየዳ ስፌቴ ላይ አሸችው፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ከዚያ ማንም ሳይነግራት እጇን ልትታጠብ ሄደች።