አያቴ ናዝሬት አሉ

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬ አያቴን ፍርድ ቤት ወሰድናቸው። ቤታቸውን ለምታስታምማቸው አክስቴ ስለተናዘዙ፣ አጎቴ «አእምሯቸውን ስተዋል» ብሎ በንብረታቸው እንዳያዙ በፍርድ እንዲከለከሉ አመልክቷል።

ዳኛዋ «አባባ፣ ያለነው የት ከተማ ነው?» አሏቸው።

«ናዝሬት!»

አጎቴ ቦርጩ ቀድሞት ብድግ አለ። «ይኸው! አዳማን እንኳ ረስተዋል!»

ሳቄን ዋጥኩት። ጠዋት ራሱ በስልክ «ናዝሬት ነኝ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ዳኛዋም ፈገግ ብለው ለውሳኔ ቀጠሩን።

ባጃጅ ውስጥ አጎቴን እያስመሰልኩ ስጮህ አክስቴ በሳቅ ፈረሰች። አያቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያ ሲጮህ የነበረው ሰውዬ የማን ልጅ ነው?»

«የእርስዎ ነዋ!» አልኩ እየሳቅኩ።

ሲቀልዱም ፊታቸው አይፈታም፤ እሱን አውቃለሁ። እስከ ቤት ድረስ እንዲስቁ ጠበቅኩ። አልሳቁም። ለአክስቴ አልነገርኳትም።