አዝነውልኝ የጠጡት ሻይ

ዘይነባዬ፣ አላህ ቀብርሽን ያብራልሽ።

ከተለየሽን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ሐያት ትምህርቷን ጨርሳ ከኮምቦልቻ ተመልሳለች፤ ሻይ ቤቱን ከእኔ ጋር ትይዛለች። በደሴ መንገድ በኩል ያለውን ግድግዳ አስቀብተነዋል። እኔ ግን ደክሞኛል፤ ተኝቼ ብነሳም የማይለቀኝ ድካም ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት እንኳ እጄ ይከብደኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እያፈርኩም ቢሆን።

አንቺ እያለሽ ሳትቀምሺው የገባ አረንጓዴ ሻይ አልነበረም። ቅጠሉን በነጭ ሲኒ ታደርጊና ፍላቱ በረድ ያለለት ውሃ ትጨምሪበታለሽ፤ ጥቂት ከድነሽ ታቆዪውና ስኳር ሳይነካው ትቀምሺዋለሽ። እኔ የደረቁን ቅጠል ሽታ ሳደንቅ ትስቂብኝ ነበር። «ሽቶውንማ ማንም ይቀባዋል፤ ቅጠሉ የሚታወቀው ሲርስ ነው» ትዪኛለሽ። ውሃው ከጠቆረ በኦሮምኛሽ «ኩን ዱሎሜራ!»፣ ይሄ አርጅቷል ብለሽ፣ እንደ ሽማግሌ ታሰናብቺዋለሽ። ደሴ ሆስፒታል ታመሽ ተኝተሽ እንኳ፣ በፔርሙዝ ያመጣሁልሽን መጠጣት ሲያቅትሽ አሽትተሽ ብቻ «ፍል ውሃ ደፍተህ አቃጠልከው» አልሽና ሳቅሽ። ከዚያ ወዲያ ስትስቂ አላየሁም።

በቀደም አንድ ነጋዴ ከባቲ የናና ጣዕም ያለው አረንጓዴ ሻይ አመጣልኝ። ከረጢቱን ሲፈታው ናናው ቤቱን ሞላው። መቅመስ ነበረብኝ። ሲኒ ማቅረቡ፣ ውሃ ማብረዱ፣ ያላንቺ ቁጭ ብሎ መጠበቁ ታከተኝ። «ይሁን፣ አስቀምጠው» አልኩት።

ሁለት ሳምንት ያንኑ ቀዳሁ። ሐያት «አባ፣ ይሄ ሻይ ልክ አይደለም» ብትለኝ ተቆጣኋት። ደንበኛው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠጣል። ከዚያ ከዐስር ሶላት በኋላ የማይቀሩት ጡረተኛው መምህር ሰይድ ቀሩ። ያመማቸው መስሎኝ ቤታቸው ሄድኩ። ደህና ናቸው። መሬት መሬት እያዩ «ሁሴን፣ ሻይህ ጉሮሮዬን ፋቀኝ። ሌሎቹም ያውቃሉ፤ ሐዘንህን አይተን ነው ዝም ያልንህ» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰው ለእኔ አዝኖ ሁለት ሳምንት መራራ ሲጠጣ ከረመ!

ተመልሼ ሐያትን «ልክ ነበርሽ ልጄ፣ አፉ በይኝ» አልኳት። እሷም ሲኒ አነሳች። ስንቀምሰው ናናው ወዲያው ጠፋ፤ የቀረው የከረመ ገለባ ሽታ ነበር። ሁሉንም ደፋነው። ነጋዴው ሌላ ሲያመጣ ሐያት እየቀመሰች ሦስት ዓይነቱን መለሰችበት፤ አራተኛውን፣ ጥርት ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላውን፣ ተቀበለችው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰዉ ቤቱን ሲሞላ ቆሜ አፉ በሉኝ አልኳቸው።

መምህር ሰይድም መጡ። አንዱን ጠጥተው ሁለተኛ አስቀዱና «አላህ ይዘንላት» አሉ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከቀብርሽ ወዲህ እንባዬ የመጣው ያን ቀን ነው።

ድካሙ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም። ሐያት ስላንቺ ስትጠይቀኝ ግን ከእንግዲህ ወሬ አልቀይርባትም። ያሳቀሽንም ያስቆጣሽንም እነግራታለሁ። አላህ እስኪያገናኘን ስምሽ ከዚህ ቤት አይጠፋም።

ያንቺው ሁሴን